«ልጅ የትም ያድጋል» ላሉት ኃላፊ፦ ቧንቧውን ከፍተው አይተዋል?

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን የዝውውር ደብዳቤ ያላየ ጥቂት ነው። ወደ ደሴና ኮምቦልቻ የተዛወሩ ሠራተኞች በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አዲሱ ቦታቸው ላይ ሪፖርት እንዲያደርጉ ያዝዛል። የመኖሪያው ነገር በአንድ መስመር ተዘግቷል፤ ሠራተኛው ከሥራ ቦታው አቅራቢያ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ነገሩ በደብዳቤው ቢያበቃ የተለመደ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ያንገበገበኝ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ሠራተኞች የቤት መፈለጊያ ጊዜ ይጨመርልን ሲሉ ከኃላፊያቸው ያገኙት መልስ ነው። «ልጅ የትም ያድጋል፤ ዋናው እናንተ ለሥራው መቅረባችሁ ነው» ተባሉ።

«የትም» የሚባል ሰፈር ወሎ ውስጥ የለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተሰንቅራ የተቀመጠች ከተማ ናት። የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ይዘው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ የሚያገኟት ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህች አጭር መንገድ የሕፃን ልጅ ጠላቱ ይቀየራል። ላይ ብርድ፣ እርጥብ ግድግዳና የከሰል ጭስ ነው፤ ታች ሙቀት፣ ወባና የከባድ መኪና መንገድ። በአንዱ ከተማ ውስጥ እንኳ አስፋልት ዳር ያለ ቤትና ዳገቱ ላይ የተንጠለጠለ ቤት የሁለት ዓለም ያህል ይራራቃሉ። ኃላፊው ይህን አያውቁም ማለት ይከብደኛል። የሚያውቁትን ከቁም ነገር አለመቁጠራቸው ነው።

ከብርዱም ከወባውም በፊት ግን ውሃን አስቀድማለሁ። ልጅ ይዞ ሰፈር የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «መሥሪያ ቤቱ ስንት ደቂቃ ነው?» ከሆነ ገና ሳይገባ ተሳስቷል። ጥያቄው «ፈረቃው በስንት ቀን ነው? ውሃው ሲመጣስ እዚህ ከፍታ ላይ ይደርሳል?» ነው መሆን ያለበት።

ሒሳቡን እንሥራው። ባልና ሚስት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አላቸው እንበል። በጣም ቆጥበው በሰው 40 ሊትር ቢጠቀሙ በቀን 120 ሊትር ያስፈልጋቸዋል፤ ስድስት ጀሪካን ነው፣ ባለ 20 ሊትሩ። ልጅ ስንት ይጠጣል ብሎ የሚያንቋሽሽ ካለ ልብሱን ይቁጠር። ዳይፐር ለሌሊት ብቻ ተቆጥቦ ቀን ላይ ጨርቅ ከታሰረለት ጨርቁ በየቀኑ ይታጠባል። አንድ ባለ 10 ሊትር ሳፋ ለማጠቢያ፣ ሁለት ለማለቅለቂያ፣ በድምሩ 30 ሊትር ለጨርቅ ብቻ ሄደ። ውሃው በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቤተሰብ 840 ሊትር ማጠራቀም አለበት። አርባ ሁለት ጀሪካን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ደላላው «ችግር የለም፣ ሮቶ አለ» ይላል። አዎ፣ አለ። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ለአራት ተከራይ ሲካፈል ለአንዱ 250 ሊትር ይደርሰዋል፤ ያ ደግሞ ሁለት ቀን ብቻ ያቆያል። የቀሪው አምስት ቀን 590 ሊትር ከየት ይምጣ? ሠላሳ ጀሪካን፣ እያንዳንዱ 20 ኪሎ፣ በደሴ ዳገት። የሚቀዳው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጁን በአንቀልባ አዝላ ጀሪካኑን በእጇ የያዘችው ናት። ወይም ባጃጅ ይከፈላል፤ ያኔ በኪራዩ ርካሽነት ተገኘ የተባለው ትርፍ በጀሪካን ተመልሶ ይሄዳል።

የዳገቱ ነገር ደግሞ ዕድል ሳይሆን ፊዚክስ ነው። ውሃ አሥር ሜትር ሽቅብ ለመውጣት አንድ ባር ግፊት ይበላል። አስፋልቱ ዳር አንድ ባር ይዞ የመጣ ውሃ ከዚያ አሥራ አምስት ሜትር ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት አይደርስም። ቧንቧው ተዘርግቷል፣ ቆጣሪው ተተክሏል፣ ግን ሥር ያሉት ሮቷቸውን ሞልተው እስኪዘጉ ከላይ ያለው ቧንቧ አየር ብቻ ይተነፍሳል። ለዚህ ነው የላይ ሰፈር ሰው ውሃ የሚጠብቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሆነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅም ያው ነው፤ አሥራ ሁለት ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። «ፓምፕ አለው» ከተባሉ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም እንደሚጠፋ አይርሱ።

አከራይን ስለ ውሃ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። «ኧረ ውሃማ ሞልቷል!» ይላሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ይልቅ የመጨረሻውን ሦስት ወር የውሃ ደረሰኝ አሳዩኝ ይበሉ። ደረሰኙ ላይ ያለው ቁጥር በሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ 1,000 ሊትር ነው። አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ በወር 8 ሜትር ኩብ ከተጠቀመ ለአንድ ቤተሰብ በቀን 66 ሊትር ገደማ ደርሶታል ማለት ነው፤ ካሰብነው 120 ሊትር በግማሽ ገደማ ያነሰ። ሰዎቹ ቆጣቢ ስለሆኑ አይምሰልዎ፤ ውሃው ስለማይመጣ ነው። ደረሰኝ ካልተገኘ በየደጁ ዞር ዞር ይበሉ። ማክሰኞ ከሰዓት የሰፈሩ ጀሪካን ሁሉ ባዶውን በር ላይ ከተሰለፈ መልሱን አግኝተዋል።

ውሃ ማጠራቀም ለልጁ ራሱ አደጋ መሆኑንም የሚያነሳው የለም። አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጅ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ ክዳን የሌለው በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ ለማየት ጎንበስ ካለ በጭንቅላቱ ይተከላል፣ ተመልሶ ለመውጣት ጉልበት የለውም። ለመስጠም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል፤ ድምፅ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ አፈ ሰፊ በርሜል ያለበት የጋራ ግቢ ከሆነ ክዳኑ ተቆላፊ ነው ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ለቤት ውስጥ አፈ ጠባብ ጀሪካን ይግዙ። ተጠራቅሞ የሰነበተ ውሃ ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት ያፍሉት፤ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ያቆዩት። ብዙ ሰው ጨምሮ ወዲያው ይቀዳል፤ ያ እንዳልጨመሩት ነው።

«ለጊዜው ያገኙትን ይከራዩ፣ ኋላ ይቀይራሉ» የሚለውስ? ይህን የሚሉት ዕቃ ጭነው የማያውቁ ሰዎች ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። ሁለተኛ የደላላ ኮሚሽን፣ ሁለተኛ አይሱዙ፣ ሁለተኛ የጫኝና አውራጅ ድርድር አለ። ልጁ የለመዳት ሞግዚት አዲሱ ሰፈር ሩቅ ነው ብላ ትቀራለች። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። ጥሩ ነው። ግን አምስት ቀን የተሰጠው ሰው ከአከራይ ጋር ሕግ ሊከራከር ነው? የስድስት ወር በአንዴ አምጣ ከተባለ ተበድሮ ያመጣል። ውሉም በቃል ይቀራል፤ ሮቶው በማን ተራ እንደሚሞላ፣ የልጅ ጨርቅ በየትኛው ሳፋ እንደሚታጠብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም ይፈቀድ አይፈቀድ የሚታወቀው ጠብ ሲነሳ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአከራይዋ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ፣ ሕፃን አላችሁ እንዴ?» አዎ ሲባሉ ፊታቸው ይቀየራል። በየወሩ የውሃ ተብሎ በልጁ ጭንቅላት የሚጨመር ብር ይመጣል።

ደሴ ላይ የሚከራይ ሰው ግድግዳውን በመዳፉ ይንካ፤ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። ጭቃ ቤት ክረምቱን የጠጣውን እርጥበት እስከ ጥቅምት ይዞ ይቆያል። የግድግዳው ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ የተደበቀ ነገር አለ። ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ካልተለየ ይለፉት፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ልጅ ቀርቶ ጎልማሳ ይገድላል። ከቤቱ ጀርባ ዳገቱ በአካፋ ተቆርጦ ያለ ድጋፍ ግንብ የቀረ ከሆነ፣ ደረጃው ከተሰነጠቀ፣ የአጥሩ ባሕር ዛፍ ወደ ቤቱ ካዘነበለ፣ ኪራዩ የረከሰበት ምክንያት ያ ነው። ደሴ የመሬት መንሸራተት የሚያጠቃት ከተማ ናት።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ነው የሚታየው። መስኮቱ ወንፊት አለው? አልጋው ላይ አጎበር የሚንጠለጠልበት ቦታ አለ? ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ኅዳር ዋናው የወባ ጊዜ ነው፤ ቦርከና ወንዝ ዳር ዝናቡ ሲያባራ የሚቀረው ኩሬ ቢንቢ ያፈላል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካተኮሰው ከ24 ሰዓት ሳያልፍ ደሙ መታየት አለበት፤ ስለዚህ ጤና ጣቢያው ልጅ ታዝሎ ከ20 ደቂቃ በላይ የማያስኬድ ይሁን። የክትባት ካርዱንም ይዘው ይምጡ፤ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንቱ፣ ከዚያም የ9 እና የ15 ወሩ ቀጠሮ ዝውውር አያውቅም። ከፋብሪካዎቹ ፍሳሽ የሚቀበሉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ዳር ኪራይ ረክሶ ቢያገኙ ልጅ በዚያ ውሃ እንደሚጫወት አስበው ይወስኑ። በሩ በቀጥታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አዲስ አበባ መንገድ የሚከፈት ግቢ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር አይሆንም። ከጂቡቲ የሚመጣው ተሳቢ ለሕፃን ፍሬን አይዝም።

ኃላፊው አንድ ቦታ ላይ ትንሽ እውነት አላቸው። ኮምቦልቻ እየሠሩ ደሴ መኖር፣ በጉም ሐረጎን ማለዳ መውረድ፣ ለምታጠባ እናት ከባድ ነው። እንግዲያው መሥሪያ ቤቱ አንድ ክፍል ይልቀቅ፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንዲት ሞግዚት። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ወንበሮች ከሚወጣው ግማሽ እንኳ አያስወጣም። ያንን ሳያደርጉ «ቅርብ ተከራዩ» ማለት ሸክሙን በእናቲቱ አንቀልባ ላይ መጨመር ነው።

ጊዜ ያለው ሰው ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ያየዋል፤ ማለዳ ታክሲ ሰልፉን፣ ማታ መብራቱንና ውሻውን፣ አንዴ ደግሞ ዝናብ እየዘነበ። ሦስተኛው ላይ ጎረቤት ቡና መጠራቱ በወሎ አይቀርም፤ ይግቡ፣ ደግሞ ከአቦሉ በኋላ አይነሱ። ውሃው መቼ እንደሚመጣ፣ የፊተኛው ተከራይ ለምን እንደወጣ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደሚጫወት፣ የሰፈሩ ቅሬ (ዕድር) አዲስ ሰው በምን እንደሚቀበል፣ ሁሉም በቶናና በበረካ መካከል ይወጣል። ደላላ ይህን አይነግርዎትም፣ ደብዳቤውም አያውቀውም።

ለዚህ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ወር ነው፤ ሠራተኛው ብቻውን መጥቶ አበል እየተከፈለው ቤት የሚፈልግበት፣ ልጁ እዚያው የለመደው ቤት የሚቆይበት። በደብዳቤው የተሰጠው አምስት የሥራ ቀን ነው። ሰኞ ደሴ የደረሰ ሰው ዓርብ ውል ይፈርማል፤ የፈረመበት ቤት ቧንቧ ውሃ የሚመጣው በስምንት ቀኑ ነው።