ሂሳቡ ከምርት ቦርዱ ይጀመር

በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ለመስመር ኃላፊዎች ሂሳብና ስታቲስቲክስ አስተምር ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንዷ «እኔን ተወኝ፤ ሂሳብ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ አይገባኝም» አለችኝ። ይህችው ሴት የ20 ሰው እቁብ ሰብሳቢ ናት። በሳምንት 500 ብር፣ ዕጣው 10,000 ብር። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳሳለፈ፣ ማን በግማሽ ዕጣ እንደገባ በቃሏ ትነግርሃለች። ሂሳብማ ትችላለች። የምትፈራው ጥቁር ሰሌዳውን ነው።

ስለዚህ መማሪያ መጽሐፉን ትተን ግድግዳው ላይ ወዳለው የምርት ቦርድ ሄድን። የአንድ መስመር ብልሽት ከሰኞ እስከ ዓርብ፦ 3፣ 40፣ 4፣ 3፣ 5። አማካዩ 11 ነው። መስመሩም «በቀን 11 ያበላሻል» ተብሎ ስብሰባ ላይ ተወቅሶበታል። ግን 11 የተበላሸበት ቀን አንድም የለም! ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ስንደረድራቸው መሃል ላይ የተገኘው 4 ነው። ሚዲያን የሚባለው ይሄው ነው። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ያቺው ሴት «ማክሰኞ እኮ አዲሱ ክር የገባበት ቀን ነው፤ ሲበጠስ ነው የዋለው» አለች።

አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ስታቲስቲክስ ያስተማረው መሐንዲሶችንና ሥራ አስኪያጆችን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1962 ወዲህ የጥራት ቡድኖች ሲቋቋሙ ግን ማሽን ላይ ያለው ሠራተኛም ግራፍ መሳል ጀመረ። እኛም ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴን፣ ከጃፓን ወስደን እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንስቲትዩት አቋቁመናል። እኔ ባየኋቸው ፋብሪካዎች ግን ቦርዱ ተሰቅሏል፣ ቁጥሩን የሚጽፉት ሰዎች እንዲያነቡት አልተማሩም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ለአሠሪዎች የምለው አለኝ። ትምህርቱ በሥራ ሰዓት ይሁን፣ ደመወዝም ይታሰብበት። ከፈረቃ በኋላ ሰርቪስ ጥሩንባ እየነፋ፣ ልጅ ጎረቤት ቤት እየጠበቀ ማንም ስለ ሚዲያን አይሰማም። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ፈተና አያስፈልግም። አለቃ ከኋላ ቆሞ መስማቱም ይቅር፤ እሱ ባለበት «አልገባኝም» የሚል ሰው አይገኝም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተጻፈ ብልሽት የደመወዝ መቁረጫ አይሁን። ቅጣት ካለ 40 የነበረው በማግስቱ 6 ተብሎ ይጻፋል፣ የክሩም ነገር ተደብቆ ይቀራል።