ዮናስ ትበላለች

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ወላጅ ሁሉ ማስታወቂያውን በቃሉ ይዞታል። «የልጅዎን ስም ይላኩ፤ ልጅዎ ጀግና የሆነበት የመኝታ ተረት በ5 ደቂቃ ይደርስዎታል፤ የሚያነብ ድምፅም አብሮ አለው።» ይህን ያህል ለተለፋልን ምስጋና መንፈግ ነውር ነው።

ለነገሩ ሥራውን እስከ ዛሬ ሲያበላሹት የኖሩት አያቶች ናቸው፤ ያውም በነፃ። «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። ከዚያ «አንድ ልጅ ነበረ» ይላሉ። የልጁ ሹራብ ክርኑ ላይ የተቀደደ ነው፤ የሰሚውም ሹራብ እዚያው ላይ ተቀዷል። ሴት ልጅ ከሰማች «ነበረች» ይሆናል። ደረሰኝ የለ፣ ቅድመ ክፍያ የለ። እንዲህ ያለ ኋላ ቀርነት ነበር።

ዘመናዊው አሠራር ግልጽ ነው። አንድ ተረት ተጽፎ ይቀመጣል፤ ባለታሪኳ ሊያ ትባላለች። ትእዛዝ ሲመጣ ኮምፒውተሩ «ሊያ»ን እየፈለገ በአዲሱ ስም ይተካል። አለቀ። ለሩት ከታዘዘ ቢያንስ ጾታው ይገጥማል። ለዮናስ ሲታዘዝ ግን እንዲህ ይጀምራል፦ «ዮናስ ቀሚሷን ለበሰች፤ እናቷን ስማ ወደ ጫካ ሄደች።» ኮምፒውተሩ ታታሪ ስለሆነ ግሶቹ ሆድ ውስጥ የተደበቀችውን ሊያም አይምርም። «አያ ጅቦ ዳቦውን ሊያይ መጣ፤ ሊያስፈራራትም ፈለገ» የነበረው «አያ ጅቦ ዳቦውን ዮናስይ መጣ፤ ዮናስስፈራራትም ፈለገ» ይሆናል። አማርኛ በአንድ ገጽ ሁለት አዲስ ግስ ሲያገኝ ስንት ዘመኑ ነው?

ዋናው ጥበብ ያለው ገጽ 7 ላይ ነው። «ዮናስ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ትበላለች።» እዚህ ላይ የስልኩ ድምፅ መወሰን አለበት። «በ» እና «ላ» ላልተው ከተነበቡ ዳቦው አለቀ፤ ጠብቀው ከተነበቡ ዮናስ አለቀች። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር፤ ብዙ ተከታይ ግን አላገኙም። እናት ብታነበው ሥዕሉ ላይ ዳቦ ያያል ዓይኗ፤ አትሳሳትም። ማሽኑ ዳቦ አያይም፤ ስለዚህ አጥብቆ ያነባል። ዮናስ ተበላች። (ዮናስ የሚባል ሰው መዋጡ አዲስ ነገር አይደለም እንበል፤ ነቢዩ ግን ቢያንስ በሦስተኛው ቀን ወጥቷል።) ገጽ 8 ላይ «አያ ጅቦም አጠገቧ ይበላል» ይላል፤ እሱም ጠበቀ። በላተኛው ተበላ፤ በማን እንደተበላ አይታወቅም። ገጽ 9 ላይ አህያዋ ሣር መጋጥ ጀምራ ነበር፤ «አህያዋም ትበላለች» ሲባል የሷም ነገር አበቃ። በሐዋሳ መጽሐፍ የተጫነ ጋሪ እየጎተቱ ልጆች ዘንድ ለሄዱት አህዮች የተከፈለ ውለታ መሆኑ ነው። ገጽ 10 ላይ ከተበሉት ሁሉ የተረፈ የለም፤ ገጽ 11 ላይ ሁሉም ተቃቅፈው ወደየቤታቸው ይገባሉ። «ዮናስ ገና ልጅ ናት» የምትለዋ የመጨረሻ መስመር ደግሞ ገናን በዓሉን አድርጋ ታርፋለች።

አሜሪካና አውሮፓ ያለው ወገናችንም ከበረከቱ አልቀረም። የፈረንጅ አሳታሚ ዘንድ የልጁን ስም በፊደላችን ጽፎ ይልካል፤ ሽፋኑ ላይ ሦስት ባዶ ሳጥን ታትሞ ይመጣለታል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሠንጠረዥ) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፎንቱን መጫን የሚረሳ ማተሚያ ቤት ግን ዛሬም አይጠፋም። ለነገሩ ሳጥን ለማንም ልጅ ስም ይሆናል፤ ወንድ ሴትም አይለይም።

እስቲ ሽሙጡ ለአንድ አፍታ ይቆይ። የሦስት ዓመት ልጅ «ሄደ»ንና «ሄደች»ን ከሰው አፍ እየለቀመ ያለ ልጅ ነው። ለዚህ ልጅ የተሰናዳን መጽሐፍ ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ጮክ ብሎ ቢያነበው ስህተቱ ሁሉ ጆሮ ላይ ይጮኻል። 6 ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ መቀበል ሕፃንን መናቅ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ስልኩን ትራስ ላይ አስቀምጦ ወደ ኳሱ ለሚመለሰው አባትም ድርሻው ይሰጠው። ለ90 ደቂቃውና ለጭማሪው ጊዜ አለው፤ ለ10 ደቂቃ ተረት የለውም። ያለዚያማ ልጁን ጭኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ሥዕሉ ለሁለቱም እንዲታይ መጽሐፉን መያዝ፣ ገጹን ልጁ እንዲገልጥ መተው ሊኖርበት ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በ…» ብሎ ማቆም፣ «ዳቦ!» እስኪባል መጠበቅ። «አሁን አያ ጅቦ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ራሱ ሳይመልስ ዝም ብሎ መቆየት፤ ይሄኛው ለብዙ አዋቂ ከሁሉም ይከብዳል። ወደ መጨረሻው ድምፅን ዝቅ፣ መብራትን ቀነስ። በማግስቱ ያንኑ መጽሐፍ፣ በሳምንቱም ያንኑ፤ ልጅ የሚደጋገም ተረት አይሰለቸውም፣ ቃሉን የሚይዘውም በድግግሞሹ ነው። አንድ መስመር ከዘለሉበትም ይይዝዎታል። ስልክ በዚህ በኩል ምቹ ነው፤ ቢያቋርጡት አይሰማም፣ ቢጠይቁትም አይመልስም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ተረቱ ካለቀ ቆየ፤ ዮናስ ግን አልተኛችም። ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አባዬ፣ ማን ነው የበላኝ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። አባት ከሶፋው ተነሥቶ ይመጣል፤ «እንደገና አጫውት» የሚለውን ይነካና ይመለሳል።