ለጓደኛ ስለ ክርስቶስ መናገር ላይቭ ገብቶ እንደመከራከር አይደለም

ማታ ማታ ቲክቶክ የሚከፍት ሰው ያውቀዋል፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ላይቭ ገብተው ስለ አማላጅነት ይከራከራሉ፣ አንዱ ጥቅስ ሲያነብ ሌላው ያቋርጠዋል፣ ኮመንቱ ስድብ በስድብ ነው፣ ከዛ ቪዲዮው ተቆርጦ "ዝም አሰኘው" ተብሎ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። ብዙዎቹ ወንጌል እያገለገልን ነው ብለው ከልባቸው ነው የሚያደርጉት፣ ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሄ ልማድ ጓደኝነታችን ውስጥ መግባቱ ነው፣ ካፌ ቁጭ ብለን እንኳን አብሮን ያደገውን ልጅ እንደ ተከራካሪ ማየት ጀምረናል።

እስቲ ሐዋርያት ሥራ 8ን በደንብ አንብቡት። ጃንደረባው ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሰረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር፣ ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው፣ የምታነበው ይገባሃል ወይ አለው። ሰውየውም ወጥተህ አብረኸኝ ተቀመጥ ብሎ ለመነው። ፊልጶስ ስለ ኢየሱስ ማስረዳት የጀመረው እዛው ሰውየው እያነበበው ከነበረው ክፍል ተነስቶ ነው፣ እኛ ግን ወዳጃችን ምን እያሰበ እንደሆነ፣ ምን እንደከበደው ሳንጠይቅ ያዘጋጀነውን እንጭንበታለን። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15ንም ለክርክር እንጠቅሰዋለን፣ ለሚጠይቃችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ የሚለውን፣ እዛው ላይ "በየዋህነትና በፍርሃት" የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

የኛው አገር ታሪክ ራሱ ይናገራል። ደርግ በ1974 ዓ.ም መሠረተ ክርስቶስ የምትባለውን የፕሮቴስታንት ቤተክርስቲያን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። አዳራሽ የለ፣ ማይክ የለ፣ ኮንፈረንስ የለ፣ ምእመኑ በየቤቱ ትንንሽ ቡድን ሆኖ በድብቅ ይሰበሰብ ነበር፣ እናቶች በራቸውን ከፍተው ቤታቸውን ለጸሎት ሰጡ፣ አዲስ ሰው የሚመጣው የሚያምነው ወዳጅ ወይ ጎረቤት ሲያመጣው ነው ምክንያቱም ወሬው ከወጣ እስር አለ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ያቺ የተዘጋች ቤተክርስቲያን 34 ሺህ ገደማ አባላት ይዛ ወጣች!! ይሄን ያደረገው እግዚአብሔር ነው፣ የተጠቀመው ግን ጎረቤትነትንና ጓደኝነትን ነው። ዛሬ ስፒከርና ካሜራ በሞላበት ዘመን ይሄን መንገድ ለምን እንደናቅነው አይገባኝም።

ጓደኛ ደግሞ ከማያውቀን ሰው በጣም ይለያል። የማያውቀን ሰው የምንሰብከውን ብቻ ነው የሚሰማው፣ ጓደኛ ግን የተበደርነውን ብር በቀኑ መመለሳችንን ያውቃል፣ እቁብ ደርሶን መክፈል ማቆማችንን ያውቃል፣ ሰው ሲታማ አብረን ማማታችንን ያያል። ለቅሶ ቤት ሦስቱንም ቀን የሚያድር፣ የታመመ ጓደኛውን ሆስፒታል የሚያስታምም ክርስቲያን ስለ እምነቱ ሲናገር የሚሰማው አያጣም። ጓደኛህ ሁዳዴን እየፆመ አንተ የማትፆም ከሆነ ፊቱ ክትፎ አዝዘህ ስለ ጸጋ አታስተምረው፣ ሽሮ አብራችሁ ብሉ፣ ምኑ ይጎዳሃል። የምትፆመውም ብትሆኚ ያልፆመችውን አትናቂያት፣ ሮሜ 14 ስለዚህ ነገር በግልፅ ተናግሯል።

እንግዲህ "ኑሮዬ ይመስክር፣ አፌ ምን ያደርጋል" የሚል ሰው አለ፣ በዚህም አልስማማም። ኑሮ ብቻውን ጥሩ ሰው ያስብላል እንጂ ክርስቶስ ማን እንደሆነ አይነግርም። እንድርያስ ወንድሙን ስምዖንን አግኝቶ መሲሑን አገኘነው ብሎ ነግሮታል፣ ከዛ ወደ ኢየሱስ ወሰደው። ስለዚህ ጓደኛህ ሥራ ሲያጣ፣ ትዳሩ ሲናወጥ፣ ሌሊት ደውሎ "አንተ ግን እንዴት ነው የምትፀናው" ሲልህ፣ ወሬ አትቀይር። የጌታን ስም ጠርተህ የሚያፀናኝ ኢየሱስ ነው በለው፣ ቢፈቅድልህ እዛው ስልክ ላይ ፀልይለት፣ በማግስቱም ሥራ ፍለጋ ሲወጣ አብረኸው ሂድ።