ፊውዝ ምን አገባው?

የጃፓን ፋብሪካ አይሱዙን ሲሠራ መብራት አልነፈገውም። ረጅሙን፣ አጭሩን፣ ፍሬቻውን፣ ስቶፑን አሟልቶ ነው የሚልከው። እኛ ግን መኪና እንዲያው ራቁቱን ሲሄድ ማየት አንወድም። ጣሪያው ላይ አራት ፓውዛ ይደረደርለታል። ፓራውልቱ ላይ ሁለት ይጨመርለታል። በጎኑ ቀይና አረንጓዴ ይሳብለታል። ጋቢና ውስጥ ደግሞ ለገብርኤል ሥዕል የምትበራ ትንሽ አምፖል አለች። (በእኔ ግምት ከሁሉም ሥራ የሚበዛባት እሷ ናት።)

ሾፌሮቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። ከአዋሽ ወዲያ፣ ሚሌን አልፎ እስከ ጋላፊ በሌሊት የነዳ ሰው ግመል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ግመል የኋላ መብራት የለውም። ፍሬቻም አያሳይም። መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ ያስባል። እዚያ ፓውዛ ቅንጦት አይደለም። ግን እዚህ መገናኛ ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ግመሉ የታለ? ፊት ለፊት የሚመጣው ሰውዬ ዓይኑ ይጠፋል። እሱም እልህ ይይዘውና በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ወርዶ ካንተ የሚበልጥ ይገዛል። ሶማሌ ተራ ማለት፣ ለማያውቅ፣ የተሰረቀብህን ስፖኪዮ ተከራክረህ መልሰህ የምትገዛበት ሰፈር ነው። ከዚያ ተራው ያንተ ይሆናል፤ ትታወራለህ።

መብራት መግዛት ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ማሰሩ ላይ ነው።

አሳሪው «ኢንጂነር» ይባላል። የት እንደተማረ የጠየቀው የለም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም። ዕቃው አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ጥቅል ናስትሮና ሁለት ሽቦ የተቀጠለባት የፍሬቻ አምፖል ነው። አምፖሏ ቴስተር ናት። አንዱን ሽቦ ማሳ ላይ (የመኪናው ብረት ላይ ማለት ነው) ያስነካል፣ በሌላው የፊውዝ ሳጥኑን ይጎረጉራል። የትኛው ፊውዝ የምን እንደሆነ የሳጥኑ ክዳን ላይ ተጽፏል። ክዳኑ ላይ ግን ረዳቱ ለውዝ እየበላበት ነው። አምፖሏ ቦግ ስትል ኢንጂነር ፈገግ ይላል።

«ከዚህች እንስባታለን።»

«የምን ናት?» ይላል ባለመኪናው።

«የዝናብ መጥረጊያ ናት ጋሼ። አሁን በጋ አይደል እንዴ?»

ሽቦውን በጥርሱ ይልጣል። ፊውዙን ይነቅልና የተላጠውን ጫፍ እግሩ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ፣ መልሶ በአውራ ጣቱ ይደፍቀዋል። ናስትሮ ይለጥፍበታል። እጁን በሱሪው ይጠርጋል። ስድስቱም በሩ! ጋራዡ በሙሉ ያጨበጭባል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 70 ዋት አምፖል ስድስት ሲሆን 420 ዋት ነው። መኪናው 24 ቮልት ነው፤ 420ን ለ24 ስታካፍል 17.5 አምፔር ይመጣል። ፊውዟ ሰማያዊ ናት፣ 15 አምፔር። ፊውዝ ትንሽ ሲበዛበት ቶሎ አይበጠስም፤ ይታገሣል። ታገሠችም። ጣርማ በር ላይ ጭጋግና ዝናብ አብረው ወረዱና ሾፌሩ መጥረጊያውን ነካ። በቃ። ትንሽ ቆይቶ ፓውዛውም መጥረጊያውም እኩል ተሰናበቱ።

ኢንጂነር በስልክ ፈረደ፦ «ፊውዟ ልፍስፍስ ናት።»

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ሥራዋን በትክክል የሠራችው እሷ ብቻ ናት፤ የተሰደበችውም እሷ። የሠርግ ኮሚቴ ውስጥ «ይሄ ወጪ አልበዛም?» ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ አይጠራም። ፊውዟም አልተጠራችም። በቦታዋ 30 አምፔሩ አረንጓዴ ገባ። እሱ ባልተገኘበት ቀን ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ገባ። ወረቀቱ ልፍስፍስ አይደለም። ምንም ቢመጣ አይበጠስም።

ፊውዝ የሚጠብቀው አምፖሉን እኮ አይደለም፤ ሽቦውን ነው። እሱ እምቢ ማለቱን ሲተው ሽቦው ይግላል። ሽቦው ደግሞ ለሬዲዮ ስፒከር የተገዛ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የሚያልፈውም ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ በስፖንጅና በፕላስቲክ መሀል።

«የሚቃጠል ነገር አልሸተተህም?» ይላል ሾፌሩ።

«የፊተኛው መኪና ነው» ይላል ረዳቱ።

ትክክለኛው መንገድ ሩቅ አይደለም። ከባትሪው በቀጥታ ወፍራም ሽቦ ይሳባል፤ እዚያው ባትሪው አጠገብ የራሱ ፊውዝ ይገባለታል። ከዚያ ሪሌ፦ በትንሽ አምፔር ታዞ ከባዱን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ መብራቱ፣ ከ85 እና 86 አንዱ ከማብሪያው፣ ሌላው ወደ ማሳ። በማብሪያው የምታልፈው ትንሽ አምፔር ናት፤ ከባዱ በሪሌው በኩል ይሄዳል። የመጥረጊያውን ፊውዝ የሚነካው የለም። ይህን የሚያውቅ ኢንጂነርም አይጠፋም። አንዱ ለባለመኪናው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

«ሪሌው ይታያል?» አሉት።

«አይታይም ጋሼ፤ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ምን ያደርግልኛል? በሱ ፈንታ ከሥር ሰማያዊ ጨምርልኝ።»

ሰማያዊው ተጨመረ። ከየትኛው መስመር እንደተሳበ እግዜር ይወቀው።

የቦሎ ሰሞን ሲደርስ ያ ሁሉ መብራት ይነቀላል፤ ከምርመራው ማግሥት ይመለሳል። ኢንጂነር ለመንቀልም ለመመለስም ያስከፍላል። እዚህ አገር በዓመት እንደዚህ የተረጋገጠ ገቢ ያለው ሰው ብዙ አላውቅም።

አንድ ምሽት ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመው። መኪናውን ዞሮ አየው፤ ዓይኑን በእጁ ከልሎ።

«እስቲ ስቶፕ ርገጥ» አለ።

ሾፌሩ ረገጠ። ረዳቱ ከኋላ ወርዶ ሲያይ ቆየና እንዲህ አለ፦

«ስቶፑ እንኳን የለም አለቃ። ግን ሲረግጠው ሰማያዊው ቦግ ይላል። ያው እሱም መብራት ነው።»