«ሊሆን ይችላል» ያልኩበት ምሽት

ወገኖቼ፣ የጎጃም ሰዎች፣ ዛሬ ላቆላምጣችሁ አልመጣሁም።

ባለፈው መስከረም፣ በቆሎው እሸት በያዘበት ሰሞን፣ በደብራችን ደን ያሉትን ጦጣዎች መርዘን ፈጀናቸው። ነገሩ ከስልክ ተጀመረ። አንድ ወጣት «የጦጣ መንጋ ደም ተመርምሮ አብዛኛው ላይ የገዳይ ቫይረስ ምልክት ተገኘ» የሚል ጽሑፍ ጠላ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ አነበበ። በማግሥቱ እሸቱ በተባይ መድኃኒት ተለውሶ ዋንዛው ሥር ተበተነ። አባ መቋሚያቸውን አግድም ይዘው «ልጆቼ ተዉ፤ የታቦቱ ጥገኞች ናቸው» እያሉ ለመኑ። ማን ሰማቸው? ጠዋት ስደርስ አንዲት እናት አረፋ ደፍቃ ተዘርራለች። ፊቱ ገና ያልጠቆረ ግልገሏ ጡቷን ይዞ ይስባል። እሱንም ልጆቻችን በድንጋይ ጨረሱት፤ እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ።

ጽሑፉን እኮ እስከ መጨረሻው ያነበበ የለም! የሚያወራው በ1938 እ.ኤ.አ. ከሕንድ በመርከብ መጥተው ፖርቶ ሪኮ አጠገብ ካዮ ሳንቲያጎ በምትባል ደሴት ስለተለቀቁ፣ ማካክ ስለሚባሉ 409 ጦጣዎች ዘር ነው። ያ «ገዳይ» የተባለው ቫይረስ፣ ሄርፐስ ቢ፣ የማካክ ቫይረስ ነው፤ የኛዋ ጦጣ ማካክ አይደለችም። የተገኘውም ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሰውነት ቫይረሱን አግኝቶት እንደተዋጋው የሚያሳይ አሻራ። ጦጣይቱ ዛሬ በሽታ ትረጫለች ማለት አይደለም። ኩፍኝ የተከተበ ልጃችሁም ደሙ ውስጥ የኩፍኝ ፀረ እንግዳ አካል አለ። እሱንስ ልትመርዙት ነው?

ግን ማንን ልውቀስ? ያ ወጣት ተማሪዬ ነበር። ፀረ እንግዳ አካልን ሰሌዳ ላይ በሁለት መስመር ጽፌ ያለፍኩበት እኔ ነኝ። ያን ምሽት አንድ ገበሬ ዞር ብሎ «መምህር፣ እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። 18 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩት ሰውዬ «ሊሆን ይችላል» አልኩ። የኔንም በቆሎ ጦጣ በልቶብኝ ነበር። አንድ «አይደለም» ከአፌ ብትወጣ ኖሮ ያ ግልገል ይኖር ነበር።

ትናንት ሾላው ላይ ሦስት ጦጣዎች አየሁ። ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ። እባካችሁ ተዉልኝ። ከእጃችሁም አታብሏቸው፤ ሰው በሚያዘወትራቸው መንጋዎች ደም ውስጥ የኛው የኩፍኝ አሻራ ተገኝቷል፤ በሽታ ከኛም ወደ እነሱ ይሄዳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዋንዛው ሥር እቀመጣለሁ። ያንን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላችኋለሁ። ደክሞኛል፤ ግን አንድ ሰው እንኳ ቢመጣ አነባለሁ።