ይግባ ወይስ ይቅር? ዝቅ በተደረገ ቶዮታ 86 ላይ የ9.5 ኢንች ቸርኬ

ጭብጡ፦ የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 እና መንትያው ሱባሩ ቢአርዜድ በብዛት የሚታወቁት 17 በ7 ኢንች (ዲያሜትሩ በወርዱ) በሆነ ቸርኬ፣ በ+48 ኦፍሴት እና በ215/45 ጎማ (ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 45 በመቶ) ነው። መኪናው 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ተደርጎ 18 በ9.5 የሆነ፣ ኦፍሴቱ +38 የሆነ ቸርኬ ከ255/35 ጎማ ጋር ይግጠም ወይ? አንዱ ይግባ ይላል፣ ሌላው ይቅር ይላል።

ደጋፊ፦

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ሰፊ ቸርኬ ስሙ የጠፋው ሳይለካ ስለሚገዛ ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሃቡ (ቸርኬው የሚታሰርበት የአክስል ጫፍ) ላይ የሚያርፍበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቸርኬው ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። የፋብሪካው የ7 ኢንች ግማሽ 88.9 ሚሊ ሜትር ነው። 48 ስንቀንስለት የውጭው ጠርዝ ከሃቡ ፊት 40.9 ይወጣል፤ 48 ስንጨምርለት የውስጡ ጠርዝ 136.9 ይገባል። የ9.5 ኢንቹ ግማሽ 120.65 ነው፤ 38 ቀንሰንና ደምረን 82.65 እና 158.65 እናገኛለን። ልዩነቱ ወደ ውጭ 41.75፣ ወደ ውስጥ 21.75 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ሆድ ልዩነት ግን ከቸርኬው ያንሳል፤ ምክንያቱም 215 ጎማ በጠባቡ 7 ኢንች ላይ ሆዱ ይበልጥ ተነፍቶ ይወጣል።

ይህን ይዞ ሁለት ቦታ መለካት ነው፦ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ ጥሎ እስከ ጎማው ጎን፣ ከዚያም ከጎማው የውስጥ ጎን እስከ ስትሩቱ (ሞላውንና አሞርዛተሩን አንድ ላይ የያዘው ምሰሶ)። ቁመቱ አያሳስብም። የአሮጌው ጎማ ዲያሜትር 625.3፣ የአዲሱ 635.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 1.7 በመቶ ብቻ።

ጥቅሙስ? 255/35 ከ8.5 እስከ 10 ኢንች ለሆነ ቸርኬ የተሠራ ጎማ ነው። 9.5 ላይ ሲቀመጥ ጎኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሪው ሲጠመዘዝ ጥርሱ ወዲያው ይከተላል፣ ጎማው በመታጠፊያ ላይ በትከሻው አይንከባለልም። የግራና የቀኝ ጎማ መሃል ርቀትም በ20 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው የሚሸሸው ክብደት ይቀንሳል።

ተቃዋሚ፦

የወንድሜን ስሌት አልነካም፤ ልክ ነው። ግን የቆመ መኪና ስሌት ነው። መኪናው ሲሄድ የሚቆጠረው ሌላ ቁጥር ነው፤ እሱም የመሪው መዞሪያ ዘንግ ተዘርግቶ መሬት በሚነካበት ነጥብና በጎማው የመሬት ላይ መሃል መካከል ያለው ርቀት፣ ስክረብ ራዲየስ የሚባለው ነው። ከ+48 ወደ +38 ሲኬድ የጎማው መሃል 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ፍሬን ሲያዝና አንዱ የፊት ጎማ ውሃ ወይም ጠጠር ላይ፣ ሌላው ደረቅ አስፋልት ላይ ከሆነ፣ የሚይዘው ጎማ መሪውን ወደ ራሱ ለመጎተት ረዘም ያለ ክንድ ያገኛል። ሰፊው ጎማ ደግሞ የከባድ መኪና ጎማ አስፋልቱ ላይ የቆፈረውን ቦይ እየተከተለ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። የሃቡ ኩሽኔታም መታጠፊያ በተያዘ ቁጥር ከተሠራለት በላይ ይጠመዘዛል።

ስለ ማውረዱ ደግሞ። የፊቱ ሰስፔንሽን (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ማክፈርሰን ስትሩት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጎማውን ከላይ ስትሩቱ፣ ከታች አንድ አርም ይይዘዋል። መኪናው 30 ሚሊ ሜትር ሲወርድ የታችኛው አርም የውጭ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል፤ መኪናው የሚያዘነብልበት ማዕከልም ከክብደቱ ማዕከል ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ክንድ ስለሚረዝም፣ ሞላው ካልጠነከረ በቀር ዝቅ ያለው መኪና በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ ያዘነብላል። ዓይን «ወርዷል፣ ተረጋግቷል» ይላል፤ ጂኦሜትሪው ግን ተቃራኒውን ይላል።

መኪናው ለምን እንደተሠራም አንርሳ። ዋና መሐንዲሱ ቴትሱያ ታዳ ሆን ብለው ቀላልና ብዙ የማይዝ ጎማ መረጡለት፤ ፋብሪካው የገጠመው ሚሽላን ፕራይማሲ የሚባለው፣ ነዳጅ ቆጣቢው ቶዮታ ፕሪየስ ላይም የነበረ ጎማ ነው። ሞተሩ 200 የፈረስ ጉልበትና 205 ኒውተን ሜትር ብቻ አለው። አሽከርካሪው በመጠነኛ ፍጥነት የኋላውን መንሸራተት በእጁና በመቀመጫው እንዲሰማው ታስቦ የተሠራ መኪና ነው። 255 ጎማ ሲገጠምለት ሞተሩ ከባዱን ጎማ ለማስነሳት ይደክማል፣ ያ ስሜትም ወደ ከፍተኛ ፍጥነት ይሸሻል፤ ስህተት ደግሞ እዚያ ውድ ነው።

ደጋፊ፦

ወንድሜ ስለ ማክፈርሰን ያሉት እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ወገቡ የረዘመ የታችኛ አርም ቴስቲና ሲገባ የአርሙ ጫፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ ሞላው የተወሰደበትን የመውረጃ ቦታ እንዲተካ ይጠነክራል። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር ግን የዚህ ክርክር አካል አይደለም፤ ያንን የሚያደርግ ሰው ጎማው ሳይሆን አሞርዛተሩ ባምፕ ስቶፑ (የመውረጃው መጨረሻ ላይ ያለው መከላከያ ላስቲክ) ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። ካምበር ማለት የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን ነው፤ ወደ ውስጥ ሲሆን ኔጋቲቭ (−) ይባላል። በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ስትሩቱ ከታች የሚታሰርበትን ብሎን በካምበር ብሎን መቀየር ነው። ይህ ጎማውን ከስትሩቱ አንጻር ያዘነብለዋል፤ የጎማው አናት ወደ ስትሩቱ ይቀርባል። ቀድሞውኑ 21.75 ሚሊ ሜትር ተበልቶብን ሳለ የቀረውን የሚበላው ይህ ነው፤ «በወረቀት ላይ ይገባል፣ መኪናው ላይ ግን ይፋቃል» የሚባለውም ከዚህ ይመጣል። ሁለተኛው ከላይ ያለው የካምበር ፕሌት ነው። እሱ ስትሩቱንና ጎማውን አንድ ላይ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይነካም። ስለዚህ ለ9.5 ኢንች ቸርኬ ፊቱን በፕሌቱ −2.5 ዲግሪ አካባቢ ማድረስ፣ ብሎኑን ግን በፋብሪካው ቦታ መተው ነው። የኋላው ሲወርድ ራሱ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል፤ ፋብሪካው የኋላ ካምበር ማስተካከያ ስላላደረገለት ግራና ቀኙን እኩል ለማድረግ የሚስተካከል የታችኛ አርም ያስፈልጋል።

ሙከራው የሚሠራው ሞላው ወጥቶ ነው። ስትሩቱ ያለ ሞላ ይገጠማል፣ ባምፕ ስቶፑ ይቀመጣል፣ ጎማው ይታሰራል፤ መኪናው በመቆሚያ ላይ ሆኖ ክሪኩ ከታችኛው አርም ስር ገብቶ እስከ ባምፕ ስቶፑ ድረስ ይገፋል። እዚያ ላይ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ማዞር ነው። የሚነካው ቦታ እዚያው ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ የፕላስቲክ ሽፋኑና ፓራውልቱ ከፓራፋንጎው ጋር የሚገናኝበት ጥግ ነው።

ለወሰኑ ደግሞ መስማማት እችላለሁ። +22 የሆነ 9.5 ወደ ውጭ 57.75 ይወጣል፣ የጎማውንም መሃል 26 ሚሊ ሜትር ይወስደዋል። ያንን እኔም አልገጥምም። የተከራከርኩት ለ+38 ነው።

ተቃዋሚ፦

+22 ላይ መስማማታችን ደስ ይላል፤ ነገር ግን +38 ላይ የገዛው ሰው በአብዛኛው እዚያ አይቆምም። አንድ ዲግሪ ካምበር የጎማውን አናት ከአክስሉ መሃል አንጻር ወደ 5.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያስገባው። ቸርኬው አልገባ ሲለው −4፣ −5 ይሄዳል፤ ፍሬን ሲይዝ መሬት የሚነካው የውስጥ ትከሻው ብቻ ይሆናል። ወይም ጠባብ ጎማ ይወጥራል። 225/40 የሚፈቀድለት ከ7.5 እስከ 9 ኢንች ነው፤ 9.5 ላይ ሲወጠር ንፋሱ ትንሽ ሲቀንስ ወይም ጉድጓድ ሲመታ ጎማው ከቸርኬው ከንፈር ሊወጣ ይችላል። ያንን ጎማ የሚገጥም ጎሚስታ ቢገኝ እንኳ አይገጥም እላለሁ።

ቀጥሎ የፓራፋንጎው እጥፋት። የፊቱ አንድ ቆርቆሮ ነው፤ በሙቅ አየር እስኪሞቅ ቀለሙን አለስልሶ ቀስ በቀስ ማስተኛት ይቻላል። የኋላው ግን ሁለት ቆርቆሮ የተበየደበት መጋጠሚያ ነው፤ በመካከሉም ውሃ መከላከያ ማሸጊያ አለ። ሲተኛ ማሸጊያው ይሰነጠቃል፤ ጭቃና ጨው እዚያ ይቀመጣል። ዝገቱ ከውጭ ሲታይ ከውስጥ ጨርሷል። የተኛ እጥፋት በብሩሽ ማሸጊያ ካልተቀባ መኪናውን መግደል ነው።

ሕጉም አለ። በአውሮፓ ደንብ ከጎማው መሃል ወደ ፊት 30፣ ወደ ኋላ 50 ዲግሪ ባለው ክፍል ፓራፋንጎው የጎማውን ወርድ መሸፈን አለበት። ጀርመን ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ቸርኬው ለመኪናው ካልተፈቀደ በመኪናው ሰነድ ላይ እስኪጸድቅ ድረስ የመኪናው በመንገድ ላይ የመሄድ ፈቃድ አደጋ ላይ ነው። የዚህ ባህል እናት የሆነችው ጃፓን እንኳ በ2017 የፈቀደችው የጎማውን ጎን እስከ 10 ሚሊ ሜትር እንዲወጣ ነው እንጂ ቸርኬውን አይደለም፤ የመኪናውም የታች ክፍል ከመሬት 9 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

የኔ አማራጭ 17 በ8፣ +45፣ ከ225/45 ጋር ነው። ወደ ውጭ 15.7፣ ወደ ውስጥ 9.7 ብቻ ይሄዳል፤ ስክረቡ የሚለወጠው 3 ሚሊ ሜትር ነው። የጎማው ጎን 101 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ255/35 በ12 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጎማ ቸርኬውን ከጉድጓድ ይጠብቀዋል። የመኪናው ባሕርይም ሳይጠፋ ይቀራል።

ደጋፊ፦

በየቀኑ ጉድጓድ ለሚያገኝ መኪና ይህን አማራጭ አልጠላም። በትራክ ላይ ግን 225ቱ ከጥቂት ዙር በኋላ ሙቀቱ ሞልቶ መያዝ ያቆማል፤ ለዚያ ሰው 255ቱ ቅንጦት አይደለም። ስለ ኋላው ማሸጊያ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

ለሚገጥመው ግን የማልለቀው ነገር አለ። የመኪናው ሃብ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳ ከሰፋ ቀለበት ይግባበት፤ አለበለዚያ ዳዶው እየታሰረ ቸርኬው ከመሃል ይስታል፣ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ብሎኑ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው፤ የዳዶው ሾጣጣ ከቸርኬው መቀመጫ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። በቶርክ ሬንች 120 ኒውተን ሜትር፣ በኮከብ ቅደም ተከተል ይታሰር፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ተቃዋሚ፦

ስፔሰር (በሃቡና በቸርኬው መካከል ገብቶ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋ ሳህን) ገብቶ ከሆነ ደግሞ ዳዶውን በእጅ አዙሮ መቁጠር ነው። በ1.25 ጥርስ 12 ሚሊ ሜትር ለመያዝ ወደ 10 ዙር ያስፈልጋል። 6 ወይም 7 ዙር ላይ የሚጠብቅ ከሆነ ረጅም ብሎን እስኪገባ ድረስ ያ ጎማ ከጋራዡ አይውጣ።