ማስተካከያ፦ የቦስተኑ «ፍሪደም ትሬይል» ዞሮ አይገጥምም

ፍሪደም ትሬይል በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ታሪካዊ ቦታዎችን የሚያገናኝ የእግር መንገድ ነው። ሰሞኑን ብዙዎች ያጋሩት የቦስተን የእግር ጉዞ ጽሑፍ «ፍሪደም ትሬይል 4 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል» ይላል። ርዝመቱ ልክ ነው። መግጠሙ ግን ስሕተት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ካርታ እንደሚያሳየው፣ መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1634 ከተመሠረተው ቦስተን ኮመን ፓርክ ተነስቶ፣ የቻርልስን ወንዝ ተሻግሮ፣ ቻርልስታውን ሰፈር ባንከር ሂል ሐውልት ጋ ያበቃል።

ስለዚህ 4 ኪሎ ሜትሩ መሄጃው ብቻ ነው። በእግሩ የሚመለስ ሰው እጥፉን ያስብ። ለደከመው ከቻርልስታውን ወደ መሀል ከተማ ጀልባ አለ።

መንገዱ ራሱ አያስቸግርም። አንዳንድ ቦታ በጡብ፣ አንዳንድ ቦታ በቀለም የተሠራውን ቀይ መስመር መከተል ነው፤ ሕፃን እንኳ አይጠፋበትም። ሐውልቱ ላይ መውጣት ካማራችሁ ግን 294 ደረጃ ይጠብቃችኋል፤ ሊፍት የለም።